አምስት ቀን የሚጠብቅ ደብዳቤ

ባንክ ቤት ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይከብዳል። ቃሉ ከውጭ የመጣ ቢሆንም ትርጉሙ ፍጹም አገርኛ ሆኗል። ምን እንደተበላሸ አይናገርም፤ ማን እንደሚያስተካክለው፣ መቼ እንደሚመለስም አይናገርም። ነገ ተመለስ ብቻ ነው የሚለው። ተሰላፊውም ደብተሩን አጥፎ ይወጣል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ካለ ነገረኛ ይባላል።

ግን ሲስተሙ የት ነው ያለው? ማን ቤት? ጥያቄውን በባንክ ከመጀመር በኢሜይል መጀመር ይቀላል፤ ኢሜይል ተራ ሰው እቤቱ ሊያቆመው የሚችል ሲስተም ነውና። ሊያቆመው ይችላል ማለት ግን ይቆምለታል ማለት እንዳልሆነ ብዙ ሰው አይቶታል።

ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት 13ኛ እትሙን አወጣ። ዴቢያን በነጻ የሚገኝና በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ነው። ከአዲሱ እትም ጋር ከመጡት ፕሮግራሞች አንዱ ዳቭኮት ነው፤ ፊንላንዳዊው ቲሞ ሲራይነን የጀመረው የኢሜይል ሣጥን ጠባቂ። በቀድሞው ዴቢያን ላይ የነበረው ዳቭኮት 2.3 ነበር፤ በአዲሱ የመጣው 2.4። ለዓይን አንዲት ቁጥር ናት የተለወጠችው። በዚያች ቁጥር ግን እቤታቸው የራሳቸውን የኢሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ማታ አፕዴት ብለው ተኝተው ጠዋት ሣጥናቸውን ተቆልፎ አገኙት።

የቤት ኢሜይል ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ሁለት ሠራተኞች አሉት። አንዱ ፖስተኛው ነው። ከውጭ የመጣውን ደብዳቤ በር ላይ ይቀበላል፤ ከቤት የሚወጣውን ወስዶ ሌላው ሰው በር ላይ ያደርሳል። ለዚህ ሥራ በጣም ከሚታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ ፖስትፊክስ ነው፤ ኔዘርላንዳዊው ቪትሰ ቬኔማ አይቢኤም የምርምር ማዕከል ሳለ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1998 ለሕዝብ የተለቀቀ። ሁለተኛው ሣጥን ጠባቂው ዳቭኮት ነው። ደብዳቤውን ከፖስተኛው ተረክቦ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ በስልኩ መጥቶ ሲጠይቅ የይለፍ ቃሉን አይቶ ያሳየዋል። ሁለቱም የሚታዘዙት ኮንፊግ በሚባሉ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ነው፤ በያንዳንዱ መስመር አንድ ነገር ስሙ ይጠራል፣ ከእኩል ይሆናል ምልክት ቀጥሎ ዋጋው ይጻፋል። ለዓመታት ማንም አይነካቸውም። የሚነኩት አንድ ነገር ሲበላሽ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የጻፋቸው ሰው ምን ብሎ እንደጻፋቸው ረስቷል።

ዳቭኮት 2.4 የጠየቀው ይህ ነው፦ የኮንፊግ ፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ፋይሉ ለየትኛው የዳቭኮት እትም እንደተጻፈ ይናገር። ያ መስመር ከሌለ አልነሳም ይላል። መስመሩ ቢጨመርም ችግሩ በዚያ አያበቃም፤ ብዙ የትእዛዝ ስሞች ተለውጠዋል። ደብዳቤ የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ አንድ መስመር ይነግረው ነበር፤ አሁን ዓይነቱን አንድ መስመር፣ መንገዱን ሌላ መስመር ይነግረዋል። የምስጠራው ሰርተፊኬት የሚጠራበት ስምም ሌላ ሆኗል። ከሁሉ የሚያስቀው «ያልተመሰጠረ የይለፍ ቃል ይከልከል?» የሚለው መስመር ነው። በአዲሱ እትም «ያልተመሰጠረ የይለፍ ቃል ይፈቀድ?» ተብሎ ተገልብጧል፤ ትናንት ቤቱን የሚጠብቀው «አዎ» ዛሬ በሩን ወለል አድርጎ የሚከፍት «አዎ» ነው። ስሙን ብቻ ቀይሮ መልሱን እንደነበረ የተወ ሰው ሰርቨሩ ይነሳለታል፤ ያለ ጥበቃ ይነሳለታል።

ብዙ ሰው ተናደደ፤ ንዴቱ ግማሽ በግማሽ ልክ ነው። ለሃያ ዓመት ሲሠራ የኖረን አጻጻፍ በአንድ ጊዜ መጣል ለሙያተኛው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ለቤት ባለቤት ግን የሳምንት መጨረሻው ሙሉ ነው። ቀሪው ግማሽ ንዴት ግን ቦታውን ስቷል። ፕሮግራሙ ፋይሉን አይቶ «ይህ ለእኔ የተጻፈ አይደለም» ብሎ በግልጽ ቆመ፤ የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነም ተናገረ። እንደገመተ ተነስቶ የሰውን ደብዳቤ የተሳሳተ ቦታ ቢያስቀምጥ ኖሮስ? እምቢታውን ከነምክንያቱ የሚናገር ሲስተም «ሲስተም የለም» ከሚለው በብዙ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ወደ አምደወርቅ ቢመጣ ምን ይመስላል? አምደወርቅ በዋግ ኽምራ የደሃና ወረዳ ከተማ ናት። ስለ ዋግ ሲወራ ማሩ፣ ፍየሉና ድርቁ ይነሳል እንጂ ሰርቨር ተነስቶ አያውቅም። እዚያ አንድ የአይሲቲ መምህር አለ እንበል። መምህሩ ለምሳሌ የቆመ ነው፤ የሚገጥመው ግን የቤት ሰርቨር ያለውን ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው። ከአገልግሎት የወጣች ላፕቶፕ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጦ ዴቢያን ጭኖባታል። አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ መብራት ለሚጠፋበት አገር ያልተዘመረላት ሰርቨር ናት፤ ባትሪዋ ትንሽ እስካለ ድረስ መብራት ሄደ መጣ ብላ አትደነግጥም።

ለምን ጂሜይል አይበቃውም? የሚበቃው ብዙ ሰው አለ፤ ለብዙ ሰውም ትክክለኛው ምርጫ ነው። ነገር ግን የወረዳ መሥሪያ ቤትን የደብዳቤ ራስጌ ይመለከቷል። ማኅተሙ አለ፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ የአንድ ሰው ስም ያለበት የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ አለ። ያ ሰው ምናልባት ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ባሕር ዳር ተዛውሯል። አድራሻውን ይዞት ሄዷል፤ የይለፍ ቃሉን፣ የመሥሪያ ቤቱን የዓመታት ደብዳቤም እንዲሁ። የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም በምኒልክ ዘመን ከተመሠረተ ወዲህ የአንድ ቢሮ ሣጥን የቢሮው እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ጸሐፊዋ ስትለቅ ቁልፉን ታስረክባለች። በኢሜይል ቁልፍ የማስረከብ ባህል ሳይለመድ ቀረ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላም ቢሆን የተማሪ ስምና ውጤት፣ የታማሚ ጉዳይ፣ የእርዳታ ተቀባይ ዝርዝር በዚህ ዓይነት የግል አድራሻ መመላለሱ የሚያስደነግጠው ሰው ጥቂት ነው። መምህሩ የፈለገው በትምህርት ቤቱ ስም የሚጠራ፣ እሱ ቢዛወር ቁልፉ ለተተኪው የሚሰጥ ሣጥን ነው።

ማታ 3 ሰዓት ላይ አፕዴት አድርጎ ተኛ። ጠዋት ስልኩ «መገናኘት አልተቻለም» አለው።

የመጀመሪያው ሥራ ሎግ ማንበብ ነው፤ ሎግ ፕሮግራሞች የሠሩትንና የገጠማቸውን የሚጽፉበት ደብተር ነው። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው አብዛኛው ዓለም የማያውቀው ወጥመድ አለው። ማታ 3 ሰዓት በግድግዳው ሰዓት 3 ነው፤ በኢሜይሉ ራስጌ ላይ 21፡00 ተብሎ ይጻፋል፤ ሰርቨሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት እንዲሠራ ከተደረገ ደግሞ ሎጉ ላይ 18፡00 ነው። አንድ ቅጽበት ሦስት ስም አለው። በ3 ሰዓት የተፈጠረን ችግር በ3 ሰዓት መስመር ላይ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ሲያነብ ይውላል። በዚያ ላይ ከዴቢያን 12 ጀምሮ የድሮው የሜይል ሎግ ፋይል በነባሪው አይፈጠርም፤ ነገሩ ሁሉ ጆርናል ወደሚባለው የጋራ መዝገብ ገብቷል። የድሮውን ፋይል ፈልጎ ያጣ ሰው ሎግ የለም ብሎ ይደመድማል። አለ፤ ቤት ቀይሮ ነው።

ሎጉ ሲገኝ ነገሩ ግልጽ ነው፦ የመጀመሪያው መስመር የእትም ቁጥር መሆን አለበት ይላል። መምህሩ ይጨምራል፣ እንደገና ያስነሳል፣ ሁለተኛ ስህተት ይመጣል። ያን ያስተካክላል፣ ሦስተኛው ይመጣል። በዚህ ጊዜ ትልቁ ፈተና ትዕግሥት ማጣት ነው። ኢንተርኔት ላይ ስለ ዳቭኮት የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ አሮጌው እትም ነው፤ ከዚያ ተምሮ የሚመልሰው ቻትጂፒቲም የቀረውን የትእዛዝ ስም በሙሉ ልብ ሊሰጠው ይችላል። ከሦስት ቦታ የተቀዳ ኮንፊግ እንደ ጨርቅ የተጣጣፈ ይሆናል፤ ተነስቶ ቢሠራ እንኳ ለምን እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም። ልምድ ያለው ሰው በፊት አሮጌውን ፋይል ቅጂ ያስቀምጣል፤ ከዚያ አንድ መስመር ይቀይራል፣ ይሞክራል፣ ሎጉን ያያል፣ ቀጥሎ ሌላ አንድ መስመር። አሰልቺ ነው። ጥገና ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ወፍጮ የሚያድስ ሰው ሦስት ብሎን አንዴ አይፈታም።

ከቀትር በኋላ ዳቭኮት ይነሳል። መምህሩ ስልኩን ይከፍታል፤ ሣጥኑ ባዶ ነው። የስድስት ዓመት ደብዳቤ የለም።

የቤት ሰርቨር ያላቸው ሰዎች እዚህ ቦታ ላይ ነው ልባቸው የሚወድቀው፤ የማይሆን ነገር የሚያደርጉትም እዚህ ነው። ከባዶው ሣጥን ጀርባ ብዙውን ጊዜ ያለው ተራ ነገር ነው። የደብዳቤው መንገድ በአዲሱ ስም ሲጻፍ አንዲት ፊደል ተዛብታለች፤ ዳቭኮት በተነገረው መንገድ ሄዶ ማኅደር ሲያጣ አዲስና ባዶ ማኅደር ፈጥሮ እሱን አሳይቷል። አሮጌው ደብዳቤ ዲስኩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ደንግጦ አካውንቱን ያጠፋና እንደገና የጫነ፣ ወይም ዲስኩን ያጸዳ ሰው ግን ያልጠፋውን በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ሻይ ጠጥቶ መንገዱን ፊደል በፊደል ያነበበ ሰው በአሥር ደቂቃ ያገኘዋል።

ሣጥኑ ተቆልፎ በነበረበት ሌሊት የተላኩት ደብዳቤዎችስ የት ደረሱ? የኢሜይል ትልቁ ብልሃት ያለው እዚህ ነው፤ ብዙ ተጠቃሚም አያውቀውም።

ኢሜይል የሚጓዝበት ቋንቋ ኤስኤምቲፒ ይባላል፤ ጆን ፖስተል እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1982 ካወጣው ሰነድ ወዲህ መሠረቱ ብዙ አልተናጋም። ሁለት ሰርቨሮች ሲነጋገሩ ተቀባዩ በሦስት አሃዝ ቁጥር ይመልሳል። በ2 የሚጀምር ቁጥር «ተቀብያለሁ» ነው። በ4 የሚጀምር «አሁን አልቻልኩም፣ ቆይተህ ተመለስ» ነው። በ5 የሚጀምር «አይሆንም፣ አትመለስ» ነው። 4 የተባለ ላኪ ደብዳቤውን ወረፋ ላይ አስቀምጦ ቆይቶ ይሞክራል፤ 5 የተባለ ግን ወዲያው ለጸሐፊው «አልደረሰም» ብሎ ይመልሳል። ተቀባዩ ጭራሽ መልስ ካልሰጠ፣ በሩ ተዘግቶ ከሆነ፣ ያም እንደ 4 ይቆጠራል።

ስለዚህ በዚያች ሌሊት የተሻለው ዕድል ሰርቨሩ ፈጽሞ መዘጋቱ ነበር። ዳቭኮት ብቻ ወድቆ ፖስትፊክስ ቆሞ ከሆነም ፖስትፊክስ ደብዳቤውን ተቀብሎ ሣጥን ጠባቂው እስኪነሳ በራሱ ወረፋ ያቆየዋል። አደገኛው ግማሽ ጤንነት ነው። ፖስተኛው ቆሞ፣ በተበላሸ ኮንፊግ የቤቱን ሰዎች ስም ዝርዝር ማንበብ ቢያቅተውና «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ብሎ 5 ቢመልስ፣ ጸሐፊዎቹ ሁሉ መምህሩ አድራሻ ቀይሯል ብለው ይተዋሉ። ለዚህ ነው በፖስትፊክስ ውስጥ አንዲት ለጥገና ጊዜ የምትሆን ትእዛዝ ያለችው፤ ስትበራ እያንዳንዱን 5 ወደ 4 ትለውጣለች። «አትመለስ» የሚለውን «ቆይተህ ና» ታሰኘዋለች። ኮንፊግ ከመነካካት በፊት እሷን ማብራት፣ ሲያልቅ ማጥፋት። ብዙ መመሪያ መጨረሻ ላይ ይጠቅሳታል፤ መጀመሪያ ላይ ነበር መጻፍ የነበረባት።

ፖስትፊክስም የራሱ ጸባይ አለው። በዋናው የኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ በባዶ ቦታ የሚጀምር መስመር የበፊተኛው መስመር ቀጣይ ተደርጎ ይነበባል። አንድ ሰው ሲቀዳ ሳያየው አንዲት ባዶ ቦታ ብታመልጠው አዲሱ ትእዛዝ ከላይኛው ጋር ይጣበቃል፤ ሁለቱም ይበላሻሉ፣ ለዓይን ግን ሁለቱም ትክክል ናቸው። የቃል ጥንቃቄ የሚያውቅ ሰው፣ አንድ ነጥብ ትርጉም እንደሚያጠፋ በቅኔ ቤት የተነገረው ሰው፣ ይህን ከማንም በላይ መረዳት አለበት።

መቀበሉ ተስተካከለ። አሁን መላክ ይቀራል፤ እዚህ ላይ ግን ችግሩ ከመምህሩ ቤት ይወጣል።

ከአምደወርቅ የተላከ ደብዳቤ ጂሜይል በር ላይ ሲደርስ ብዙ ይጠየቃል። የመጣህበት የኢንተርኔት ቁጥር ስም አለው ወይ? ስሙ ተመልሶ ወደዚያው ቁጥር ያመለክታል ወይ? በዚህ ዶሜይን ስም እንድትልክ ባለቤቱ ፈቅዶልሃል ወይ? ፊርማህ የት አለ? ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 አስታውቀው ከየካቲት 2024 ጀምሮ እነዚህን ጥያቄዎች አጥብቀዋል። በቀን 5000 እና ከዚያ በላይ መልእክት ለሚልኩ ሁሉም ግዴታ ሆነ፤ ለትንሹ ላኪም ቢያንስ ፈቃዱ ወይ ፊርማው ያስፈልገዋል። ጥያቄዎቹ ፍትሐዊ ናቸው፤ ስፓምና አጭበርባሪ ያሰለቸው ዓለም ሌላ ምን ያድርግ? ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መመለስ የሚችለው የኢንተርኔት ቁጥሩ ባለቤት የሆነው ድርጅት እንጂ የቤቱ ባለቤት አይደለም። የቤት መስመር ቁጥር ብዙ ቦታ በየጊዜው ይቀያየራል፤ አንዱን ቁጥር ብዙ ቤት የሚጋራበትም አለ። የዓለም የስፓም ተከላካዮች ደግሞ የቤት መስመሮችን በጅምላ «ከዚህ ሰፈር ኢሜይል በቀጥታ አይመጣም» ብለው መዝግበዋቸዋል። ይህ አምደወርቅ ላይ ብቻ ያለ ችግር እንዳይመስል፤ በርሊን አፓርታማው ውስጥ ያለውም ሰው ያው ነው።

የተለመደው መላ በር መከራየት ነው። ከውጭ አገር የመረጃ ማዕከል አንዲት ትንሽ ሰርቨር በወር አምስት ዶላር ገደማ ይከራዩና ደብዳቤው በዚያ ይገባል ይወጣል፤ በተመሰጠረ መስመር ወደ ቤት ይተላለፋል። ሣጥኑ አምደወርቅ፣ በሩ ጀርመን። አምስት ዶላር ትንሽ ይመስላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት 285 ብር ያህል ነበር፤ ከውሳኔው በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ500 ብር አለፈ። ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው ግን ክፍያው ነው፤ የዶላር ካርድ ከየት ይመጣል? ውጭ ያለች እህት ትከፍላለች። እንግዲህ የራስ የተባለው ሣጥን በዘመድ ካርድ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ካርዱ ያለቀበት ወር በሩ ይዘጋል።

በዚህ አገር ኢሜይል እንዴት እንደገባ የሚያስታውስ ሰው በዚህ አይገረምም። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ቴሌ ኢንተርኔት ከመጀመሩ በፊት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል ፊዶኔት በሚባል ዘዴ ኢሜይል ያመላልስ ነበር። ፊዶኔትን አሜሪካዊው ቶም ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው በተራ የስልክ መስመርና በግል ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ደብዳቤውን ያጠራቅማል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ስልክ ይደውላል፣ ያጠራቀመውን በአንድ ትንፋሽ ያወርዳል፣ የመጣውን ይቀበላል፣ ስልኩን ይዘጋል። መስመሩ ሁልጊዜ አለ ብሎ አያስብም። ሙሉው ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ የመጣው በ1989 ዓ.ም ነው። ማጠራቀምና መጠበቅ ግን ከዚያ በፊትም የነበረ፣ ዛሬም ኢሜይል ውስጥ ያለ ጠባይ ነው፤ ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ ቢሰለፉ ይህን ያህል ድልድይ ሲሰበር ለመጠበቅ የተሠራ ነገር ጥቂት ነው።

የሚጠብቀው ግን እስከ መቼ ነው? የኤስኤምቲፒ ሰነድ ላኪው ቢያንስ ከአራት እስከ አምስት ቀን እንዲሞክር ይመክራል። ፖስትፊክስ ካልተነገረው በቀር አምስት ቀን ይጠብቃል። የጳጉሜን ርዝመት ነው። አምስተኛው ቀን ሲያልፍ ደብዳቤው ወደ ጸሐፊው ይመለሳል። ይህን ልክ የወሰኑት ሰዎች የተቆረጠ ገመድ፣ የተቃጠለ ማሽን፣ ረጅም በዓል አስበዋል። ለዚያ ሁሉ አምስት ቀን ይበቃል።

በሰኔ 2012 ዓ.ም ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ከዚያ ዓመት በፊት፣ በ2011 ክረምት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢንተርኔት ውሃና አየር እንዳልሆነ ለጋዜጠኞች ተናግረው ነበር። ጦርነቱ ወደ ዋግ በዘለቀ ጊዜ ሰቆጣና አካባቢዋ ከስልክም ከመብራትም ለወራት ተለያዩ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ በብዙ ቦታ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው አልተመለሰም። አምስት ቀን ሰባ ሦስት ጊዜ ሲቆጠር ነው ዓመት የሚሆነው። በዚያ ዓመት ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ምዝገባ፣ ለቪዛ ቀጠሮ፣ ለሥራ ፈተና የተጻፈ ደብዳቤ ቀኑ አልፎበታል። የዓለም የኢሜይል ሥርዓት ለአደጋ ተሠርቷል፤ ለውሳኔ አልተሠራም።

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለው መዘጋት የጂሜይል ተጠቃሚው ከመምህሩ ይሻላል። ደብዳቤው ካሊፎርኒያ በሆነ ኩባንያ እጅ ሆኖ መስመር እስኪመለስ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። የመምህሩ ሣጥን ግን አምደወርቅ ነው፤ በሩ ጀርመን ያለው ደብዳቤ ተቀብሎ ወደ ቤት መግፋት ሲያቅተው በአምስተኛው ቀን ይመልሰዋል። የራስ ሰርቨር ነጻነት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ስሌት ዘለው ያልፋሉ።

ሆኖም በሌላ በኩል የማይታይ ነገር አለ። ኢንተርኔት በተዘጋበት ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት መምህራን በጂሜይል ደብዳቤ ሊለዋወጡ አይችሉም፤ በመካከላቸው ያለው ሃያ እርምጃ በካሊፎርኒያ በኩል ነው የሚታለፈው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በሳተላይት የተዘረጋው ወረዳኔትም ቅርጹ ይኸው ነበር፤ ወረዳ ከማዕከል ጋር ይገናኛል፣ ማዕከሉ ሲጠፋ ወረዳው ከጎረቤቱም ይጠፋል። ያቺ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠች ላፕቶፕ ግን በአንድ የዋይፋይ ሣጥን ብቻ የትምህርት ቤቱን ሠራተኞች ሁሉ ደብዳቤ ማለዋወጥ ትችላለች፤ ከግቢው ውጭ ምንም ይሁን ምን። የፈተና ጥያቄ፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቫይረስ እየዘራ የሚከርመው ያ የለም ተብሎ ነው። በየወረዳው እንዲህ ያለ አንድ ማሽንና አንድ የሚያውቃት ሰው ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የማዕከሉ ሰው ሁሉም ነገር በእሱ በኩል ካላለፈ አልተሠራም ብሎ ማሰቡን እንዲተው ነው፤ ይህ ደግሞ ከገንዘብ ይከብዳል።

የአምስቱ ቀን ጉዳይም መላ አለው። ልኩ የተጻፈው በሕግ አይደለም፤ በፖስትፊክስ ኮንፊግ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት። የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ያለውን መምህሩ ሊለውጥ አይችልም። ጀርመን ያለችው በር ግን የእሱ ናት፤ እሷ ላይ 5 የሚለውን 100 ብሎ መጻፍ ይችላል። ደብዳቤ ጽሑፍ ነው፣ ብዙ ቦታ አይዝም፤ የአንድ ትምህርት ቤት የመቶ ቀን ወረፋ በትንሿ ዲስክ ላይ በቀላሉ ይቀመጣል። መቶውም ካለፈ፣ ደብዳቤው ተመላሽ ሲሆን በዚያች በር ሎግ ላይ አንድ መስመር ይቀራል፦ ከማን እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት ጊዜው አልፎበት እንደተመለሰ። ሎጉ እንዳይጠፋ ካስቀመጠው፣ መስመር በተመለሰ ቀን መምህሩ በመጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው። በተዘጋበት ወራት ሊደርሱት የሞከሩትን ሰዎች አድራሻ ከነቀኑ ያገኛል፤ ሰዓቱ በዓለም አቀፍ ስለሆነ ሦስት ሰዓት ጨምሮ ያነበዋል፣ ለእያንዳንዳቸውም መልስ መጻፍ ይጀምራል።